ከሎንዶን ደጅ ያሉ ጥንታውያን ሥፍራዎች፤ ተረቱና እውነታው

ሎንዶንን ሊጎበኝ የመጣ እንግዳ፣ የከተማይቱን አደባባዮችና ቤተ መዘክሮች ካየ በኋላ አንድ ቀን ተርፎት እንደ ሆነ፣ ጠዋት በባቡር ወጥቶ ማታ የሚመለስባቸው የነገሥታት ቤቶች፣ የጥንት ሕዝቦች የድንጋይ ሥራዎችና ታላላቅ ቃል ኪዳኖች የጸኑባቸው ሜዳዎች በዙሪያዋ ይጠብቁታል። ስለ እነዚህ ሥፍራዎች ግን በመጻሕፍት ከተመረመረው ታሪክ ይልቅ ከአፍ ወደ አፍ የሚተላለፈው ወሬ ቀድሞ ስለሚደርስ፣ እንግዳው አስቀድሞ የሰማውን ተረት ይዞ ሄዶ ያንኑ ተረት አይቶ ይመለሳል፤ ዓይኑ ድንጋዩን ሲመለከት ልቡናው የሚያየው የተነገረውን ነውና።

ተረት በራሱ ክፉ አይደለም፤ ሕዝብ ያለፈ ዘመኑን ከሚያስታውስባቸው መንገዶች አንዱ ነው። ጉዳቱ የሥራን ባለቤትነት ከሠሪው ነጥቆ ስሙ ለገነነው ሰው መስጠቱ፣ ኀዘንንም ከኀዘንተኛው ወስዶ ለተመልካች ጌጥ ማድረጉ ነው። ንጉሡ ያልጀመረውን ቤት ሠራ ይባላል፤ ካህናት ያላቆሙትን ዓምድ አቆሙ ይባላል፤ ከአገሩ ሳይወድ የተወሰደ ሕፃን በንግሥት እቅፍ ተደስቶ አደገ ይባላል። ከዚህ ቀጥሎ በሎንዶን ዙሪያ ስላሉት ሥፍራዎች ከሚነገሩት ዋና ዋናዎቹን እያነሣሁ በማስረጃ የጸናውን እውነታ ከጎናቸው አኖራለሁ፤ የምጠቅሳቸውም ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ አስቀድሞ ይወቅልኝ።

«ያለ አስጎብኚ አውቶቡስ አይደረስባቸውም፤ በአንድ ቀንም ሦስቱን ማየት ይቻላል»

ሃምፕተን ኮርት ከዋተርሉ ጣቢያ በቀጥታ በሚሄደው ባቡር ከግማሽ ሰዓት ጥቂት ያለፈ ጉዞ ነው፤ በመስመሩ መጨረሻ ወርዶ የቴምዝን ድልድይ የተሻገረ ሰው ከቤተ መንግሥቱ በር ይደርሳል። እንዲያውም ሥፍራው በዛሬው የታላቂቱ ሎንዶን ወሰን ውስጥ ነው። ዊንድሰርም ሁለት የባቡር ጣቢያዎች አሏት፤ ወደ አንደኛው ከዋተርሉ በቀጥታ አንድ ሰዓት ያህል ተጉዘው ይደርሳሉ፤ ወደ ሁለተኛው ደግሞ ከፓዲንግተን ተነሥተው በስላው ከተማ ባቡር ለውጠው ይሄዳሉ፤ ከሁለቱም እስከ ግንቡ በር በእግር ጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው። ሩቁ ስቶንሄንጅ እንኳ በባቡር እስከ ሳልዝበሪ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል፣ ከዚያም በአውቶቡስ የሚደረስበት ሥፍራ ነው።

ዊንድሰርን፣ ስቶንሄንጅንና የባዝን ከተማ በአንድ ቀን እናሳያለን የሚሉ አስጎብኚዎች የገቡትን ቃል ይፈጽማሉ፤ ነገር ግን ስቶንሄንጅ ብቻውን ከሎንዶን 140 ኪሎ ሜትር ያህል የሚርቅ ስለ ሆነ፣ የቀኑ ትልቁ ክፍል በመኪና ውስጥ ያልፋል፤ ሺሕ ዓመት የሚጠጋ ታሪክ ላለው የዊንድሰር ግንብም የሚተርፈው ጊዜ እጅግ ያነሰ ይሆናል። በእኔ አስተያየት አንድ ቀን ለአንድ ሥፍራ ይበቃል፤ ለሁለት ግን አይበቃም።

«ሃምፕተን ኮርትን የሠራው ንጉሥ ሄንሪ 8ኛ ነው»

በቀይ ጡብ የተገነባውን ይህን ቤተ መንግሥት የሚያይ ሰው ሁሉ የሚያስበው ስለ ሄንሪ 8ኛ ነው። ነገር ግን ሥፍራውን በ1514 ዓ.ም. ከቅዱስ ዮሐንስ ዘኢየሩሳሌም ፈረሰኞች ማኅበር ተከራይቶ፣ ከተከታዩም ዓመት ጀምሮ ታላቁን ሕንጻ ያስነሣው የዮርክ ሊቀ ጳጳስና የሮማ ቤተ ክርስቲያን ካርዲናል የነበረው ቶማስ ዉልዚ ነው። ዉልዚ ከመኳንንት ወገን ሳይወለድ በትምህርቱና በብልሃቱ የንጉሡ ቀኝ እጅ እስከ መሆን የደረሰ ሰው ነበረ፤ ቤቱንም የሠራው ንጉሡንና የውጭ አገር መልእክተኞችን በክብር ለማስተናገድ ሲሆን፣ የሕንጻው ግርማ ከንጉሡ ቤቶች ጋር የሚፎካከር ነበረ። ሄንሪ ከካተሪን ዘአራጎን ጋር ያለው ጋብቻ እንዲፈርስለት ከሮማው ፓፓ ፈቃድ እንዲያስገኝለት ቢያዝዘው፣ ዉልዚ ነገሩ ስላልተሳካለት ከሹመቱ ተሻረ፤ ቤቱም ወደ ንጉሡ እጅ ገባ፤ እርሱም በ1530 ዓ.ም. በክህደት ተከሶ ወደ ሎንዶን ሲወሰድ በመንገድ ላይ በሌስተር ገዳም ዐረፈ። ለራሱ መቃብር ያሠራው የጥቁር እብነ በረድ ሣጥን እንኳ አልቀረለትም፤ ንጉሡ ወሰደው፤ ንጉሡም ሳይቀበርበት ብዙ ዘመን ከቆየ በኋላ፣ ዛሬ በሎንዶን በቅዱስ ጳውሎስ ካቴድራል ውስጥ የአድሚራል ኔልሰን መቃብር ሆኗል።

ታላቁን የግብር አዳራሽና የሕንጻውን ሌሎች ክፍሎች ሄንሪ መጨመሩ እውነት ነው። ነገር ግን እንግዳው በአትክልቱ በኩል ዞሮ ቤቱን ቢመለከት፣ የሚያየው ግንባር ከሄንሪ ዘመን 150 ዓመት ያህል የሚዘገይ ነው። ዊልያም 3ኛና ንግሥት ሜሪ 2ኛ በ1689 ዓ.ም. መንግሥቱን እንደ ያዙ፣ የቅዱስ ጳውሎስን ካቴድራል የነደፈውን ሊቀ ሕንጻ ክሪስቶፈር ሬንን አስጠርተው፣ ከታላቁ አዳራሽ በቀር አሮጌው ቤት በሙሉ ፈርሶ አዲስ ቤተ መንግሥት እንዲሠራ አሰቡ፤ ንግሥቲቱ በ1694 ዓ.ም. በፈንጣጣ ብትሞት ሥራው ተቋረጠ፤ የዉልዚና የሄንሪ ቤትም ግማሹ ከመፍረስ የተረፈው በዚህ ምክንያት ነው። ልጆች መውጫው ጠፍቶባቸው የሚሣሣቁበት የተክል አጥር ጠመዝማዛም ብዙ ሰው ሄንሪና ሚስቶቹ የተጫወቱበት ይመስለዋል፤ የተተከለው ግን ለዊልያም 3ኛ በ1700 ዓ.ም. ገደማ ነው። በመስተዋት ቤት ውስጥ ተዘርግቶ እስከ ዛሬ የሚያፈራውን ታላቁን የወይን ሐረግ ደግሞ በ1768 ዓ.ም. የተከለው ዝነኛው የአትክልት ነዳፊ ላንስሎት ብራውን ነው።

ሄንሪ ስድስቱን ሚስቶቹን ገደላቸው የሚለውም ስሕተት ነው። በሰይፍና በመጥረቢያ የተቀጡት ሁለቱ፣ ይኸውም አን ቦሊን በ1536 እና ካተሪን ሃዋርድ በ1542 ዓ.ም. ናቸው፤ የሁለቱ ጋብቻ ፈረሰ፤ ጄን ሲሞር በዚሁ በሃምፕተን ኮርት ወንድ ልጅ ወልዳ በ12ኛው ቀን ሞተች፤ በ1543 ዓ.ም. በዚሁ ቤት ያገባት ካተሪን ፓር ግን ንጉሡን ቀብራ ተረፈች። ካተሪን ሃዋርድ ንጉሡ በጸሎት ቤት ሳለ ከጠባቂዎቿ አምልጣ እየጮኸች በመተላለፊያው ሮጠች፣ ነፍሷም እስከ ዛሬ በዚያ ትጮኻለች እየተባለ የሚነገረው ታሪክ፣ በዘመኑ በተጻፈ ማስረጃ የተደገፈ አይደለም። በእስራት ሆና ሞቷን የጠበቀችው ወጣት ንግሥት መከራዋ ያለዚህም ጭማሪ በቂ ነበረ።

ስለ ወጥ ቤቱ የሚነገረው ይበልጥ ያሳዝነኛል። በዚያ ዘመን ሥጋው የበሰበሰ ስለ ነበረ ሽታውን ለመሸፈን ቅመም ያበዙበት ነበር ይባላል። ቁንዶ በርበሬው፣ ቀረፋውና ቅርንፉዱ ከሩቅ ምሥራቅ በመርከብና በግመል የሚመጣ፣ ከሥጋው እጅግ የሚወደድ ዕቃ ነበረ፤ ባለጠጋ ሰው ርካሹን ብልሹ ነገር ለማዳን ውዱን ዕቃ አያባክንም፤ ቅመም የክብር ምልክት ነበረ። ይህ ተረት በየቀኑ ሁለት ጊዜ ለ600 ሰው ያህል የሚበቃ ምግብ በእሳት ፊት ቆመው ያዘጋጁ የነበሩትን ባለሙያዎች ሥራቸውን የማያውቁ ያስመስላቸዋል። ወጥ ቤቶቹ ዛሬም በቦታቸው አሉ፤ የእንጨት እሳት የሚነድበትን ታላቁን ምድጃ ያየ ሰው የእጃቸውን ሥራ ያከብራል።

አንድ ነገር ግን ብዙ ጎብኚ ቀና ብሎ ሳያይ ያልፈዋል። በውስጠኛው አደባባይ በር ላይ በ1540 ዓ.ም. የተሠራ፣ ሰዓቱን፣ ወሩን፣ ቀኑን፣ የጨረቃን መምላትና መጉደል የሚያሳይ ታላቅ ሰዓት አለ። ከዚህም ሌላ በሎንዶን ድልድይ የቴምዝ ውኃ ከፍ የሚልበትን ጊዜ ያመለክታል፤ የቤተ መንግሥቱ ሰዎች ወደ ከተማ የሚሄዱት በጀልባ ስለ ነበረ ይህን ማወቅ የግድ ያስፈልጋቸው ነበርና። በዚህ ሰዓት ላይ ፀሐይ በምድር ዙሪያ ትዞራለች። ሠሪዎቹ አላዋቂዎች ስለ ነበሩ አይደለም፤ ኮፐርኒከስ ምድር በፀሐይ ዙሪያ እንደምትዞር የገለጸበት መጽሐፉ የታተመው በ1543 ዓ.ም.፣ ሰዓቱ ከተሠራ ከሦስት ዓመት በኋላ ነው። የዚያ ዘመን ሊቃውንት በያዙት ትምህርት መሠረት ትክክለኛና እጅግ የረቀቀ ሥራ ሠርተዋል፤ በእኔ አስተያየት በሃምፕተን ኮርት ካለው ሁሉ ከፍ ያለው ይህ ነው።

«ስቶንሄንጅን ያቆሙት ድሩይድ የተባሉት የአረማውያን ካህናት ናቸው»

በሳልዝበሪ ሜዳ ላይ በክብ የቆሙት ድንጋዮች በዙሪያቸው ያለው ቦይ የተቆፈረው ከልደተ ክርስቶስ በፊት በ3000 ዓመት ገደማ ሲሆን፣ ታላላቆቹ ድንጋዮች የቆሙት በ2500 ዓመት ገደማ ነው። ድሩይዶች በጽሑፍ የሚታወቁት ከልደተ ክርስቶስ በፊት ባሉት በመጨረሻዎቹ ጥቂት መቶ ዓመታት ነው፤ በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ከሁለት ሺሕ ዓመት የማያንስ ነው። ሐሳቡን ያመጡት በ17ኛው መቶ ዓመት ጆን ኦብሪ፣ በ18ኛው ደግሞ ዊልያም ስቱክሊ የተባሉት የጥንት ነገር ተመራማሪዎች ናቸው፤ ሁለቱም ሥፍራውን በትጋት ለክተውና መዝግበው ለኋላ ሰዎች የጠቀሙ ቢሆኑም፣ በዘመናቸው ከመጻሕፍት ያገኙት የብሪታንያ ጥንታዊ ካህናት ስም የድሩይዶች ብቻ ስለ ነበረ ሥራውን ለእነርሱ ሰጡ። ከእነርሱም በፊት በ12ኛው መቶ ዓመት ጄፍሪ ዘሞንመዝ ሌላ ትውፊት ጽፎ ነበር፤ በእርሱ አነጋገር ድንጋዮቹን ግዙፋን ሰዎች ከአፍሪቃ ዳርቻ ወደ አየርላንድ አምጥተዋቸው፣ ከዚያም መርሊን የተባለው ጠቢብ ወደ እንግሊዝ አሻገራቸው።

ከአፍሪቃ መምጣታቸው ተረት ነው፤ ከሩቅ መምጣታቸው ግን እውነት ነው። ትንንሾቹ ድንጋዮች፣ እያንዳንዳቸው ከሁለት እስከ አምስት ቶን የሚመዝኑት፣ 225 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ከሚገኘው ከዌልስ ምዕራባዊ ተራራ ተጎትተው መጥተዋል። ታላላቆቹ፣ አማካይ ክብደታቸው 25 ቶን የሚደርሰው፣ ከሰሜን 25 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ካለ ጫካ የተገኙ መሆናቸው በ2020 ዓ.ም. ታወቀ። በመካከል ተጋድሞ የሚገኘውና የመሠዊያ ድንጋይ የሚባለው ደግሞ ከስኮትላንድ ሰሜን ምሥራቅ ዳርቻ፣ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ የመጣ መሆኑ በ2024 ዓ.ም. ተገለጸ። ብረትና መንኰራኵር የሌላቸው፣ ስማቸውንም በጽሑፍ ያልተዉልን ገበሬዎች ይህን ሥራ መፈጸማቸው ከግዙፋኑም ከጠንቋዩም ተረት ይልቅ የሚያስደንቅ ነው።

ሥፍራው ከጥንት ጀምሮ ሳይነካ እንደ ቆመ የሚያምኑም አሉ። ከ1901 እስከ 1964 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ውስጥ ግን ያዘነበሉት ድንጋዮች ቀንተዋል፣ ከወደቁትም አንዳንዶቹ ዳግመኛ ተነሥተዋል፣ መሠረታቸውም በሲሚንቶ ተጠናክሯል። በ1915 ዓ.ም. በጨረታ በ6,600 ፓውንድ ተሽጦም ነበር፤ የገዛው ሴሲል ቻብ በ1918 ዓ.ም. ለሕዝብ ሰጠው።

«ንጉሥ ጆን በራኒሚድ ማግና ካርታን ፈረመ»

ከዊንድሰር ብዙም በማይርቀው በራኒሚድ ሜዳ ላይ በሰኔ 1215 ዓ.ም. ንጉሡና ያመፁበት መኳንንት ተገናኝተው ቃል ኪዳን ማድረጋቸው እርግጥ ነው፤ ነገር ግን ንጉሡ እጁን በቀለም አልነከረም፤ ሰነዱ የጸናው በማኅተም ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ የእንግሊዝ ሕዝብ ነጻነት ተመሠረተ የሚለውም ነገሩን እጅግ ያቻኩላል። የሮማው ፓፓ ኢኖሰንት 3ኛ በነሐሴ ወር ሰነዱን ሽረው ከንቱ አደረጉት፤ አገሩም ወደ ጦርነት ገባ። ቃል ኪዳኑ ሕይወት ያገኘው ጆን በ1216 ዓ.ም. ሞቶ፣ በሕፃኑ ልጁ ስም ተሻሽሎ ደጋግሞ በመታወጁ ነው። ሰነዱን አያለሁ ብሎ ወደ ሜዳው የሚሄድ ሰው ሣርና የኋላ ዘመን መታሰቢያዎች ያገኛል፤ ከ1215ቱ ቅጂዎች የተረፉት አራት ሲሆኑ፣ ሁለቱ በሎንዶን በብሪቲሽ ላይብረሪ፣ አንዱ በሊንከን፣ አንዱም ወደ ስቶንሄንጅ የሚሄድ መንገደኛ በሚያልፍባት በሳልዝበሪ ይገኛሉ።

«በባዝ የነበረውን የጃንሆይን ቤት የእንግሊዝ መንግሥት ሰጣቸው»

ወደ ባዝ የሚሄድ ኢትዮጵያዊ ይህን ከአስጎብኚም ከወገኑም ይሰማል። ፌርፊልድ የተባለውን ቤት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1936 ዓ.ም. በስደት ሳሉ በገዛ ገንዘባቸው ገዝተውት እስከ 1940 ዓ.ም. ኖረውበታል። በ1958 ዓ.ም. ለከተማይቱ አረጋውያን ጥቅም እንዲውል በስጦታ ያበረከቱትም እርሳቸው ናቸው፤ ሰጪዎቹ እኛ ነን።

«ዊንድሰር በነገሥታቱ ስም ተጠራች»

ነገሩ የተገለበጠ ነው። ግንቡን በ1070 ዓ.ም. ገደማ በእንጨት ያስጀመረው ከኖርማንዲ መጥቶ እንግሊዝን የያዘው ዊልያም ሲሆን፣ በድንጋይ ያጠናከረው ሄንሪ 2ኛ ነው። ስሙ የሥፍራው ስም ሆኖ ኖረ፤ ነገሥታቱ ግን ከንግሥት ቪክቶሪያ ባል ከልዑል አልበርት በወረሱት ሳክስ ኮቡርግ ጎታ በተባለው የጀርመን ስም ይጠሩ ነበር። በ1917 ዓ.ም. ከጀርመን ጋር ጦርነቱ በበረታ ጊዜ ጆርጅ 5ኛ ያን ስም ትተው የግንቡን ስም ለቤተ ሰባቸው ወሰዱ። በክቡ ግንብ ላይ ሰንደቅ ዓላማ ሲውለበለብ ያየ እንግዳም ንጉሡ በውስጥ አሉ ብሎ ይደሰታል፤ ሰንደቅ ግን ሁልጊዜ ይሰቀላል፤ የንጉሡን መገኘት የሚያስታውቀው አንበሶችና በገና የተሣሉበት የነገሥታቱ ልዩ ዓርማ ሲሆን፣ የአገሩ ሰንደቅ ዓላማ ከተሰቀለ ንጉሡ በሌላ ሥፍራ ናቸው። ከወንዙ ማዶ ያለው የኢተን ትምህርት ቤትም ዛሬ የባለጠጎች ልጆች መማሪያ በመሆኑ ለእነርሱ የተመሠረተ ይመስላል፤ ሄንሪ 6ኛ በ1440 ዓ.ም. ያቋቋመው ግን 70 ድኾች ተማሪዎች ያለ ክፍያ እንዲማሩበት ነበር።

በኅዳር 20 ቀን 1992 ዓ.ም. የተቃጠለው የግንቡ ክፍል በመንግሥት ገንዘብ ታደሰ የሚለው እምነት እስከ ዛሬ አልጠፋም። እሳቱ ከግል ጸሎት ቤቱ ተነሥቶ 15 ሰዓት ያህል ሲነድ ከመቶ በላይ ክፍሎች ጎዳ፤ ግንቡም ኢንሹራንስ አልነበረውም። መንግሥት ወጪውን እከፍላለሁ ቢል ሕዝቡ ተቃወመ፤ ስለዚህም ከ1993 ዓ.ም. ጀምሮ በሎንዶን ያለው የቡኪንግሃም ቤተ መንግሥት በበጋ ለጎብኚ እንዲከፈት ተደርጎ፣ ከመግቢያው የተሰበሰበው ገንዘብ ከጠቅላላው 36.5 ሚሊዮን ፓውንድ ወጪ 70 በመቶ ያህሉን ሸፈነ። ሥራው በአምስት ዓመት ሲፈጸም የቅዱስ ጊዮርጊስ አዳራሽ አዲሱ ጣራ በጥንቱ የአናጢነት ጥበብ፣ ገና እርጥብ በሆነ የኦክ እንጨት ተሠራ። እንግዲህ ይህን አዳራሽ ያቆሙት ትኬት የገዙ ተራ ሰዎችና እንጨት ያስማሙ አናጢዎች ናቸው።

በግንቡ ውስጥ ያለው የቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን በ1475 ዓ.ም. በኤድዋርድ 4ኛ ተጀምሮ በ1528 ዓ.ም. በሄንሪ 8ኛ ዘመን የተፈጸመ ነው። የእንግሊዝ ነገሥታት ሁሉ በዌስትሚንስተር ይቀበራሉ የሚል ሰው እዚህ ሲገባ ይደነቃል፤ ከጆርጅ 2ኛ ወዲህ በዌስትሚንስተር የተቀበረ ንጉሥ የለም፤ ሁሉም ያረፉት በዚህ ቤተ ክርስቲያን ወይም በዚሁ በዊንድሰር ባለው በፍሮግሞር ነው። ሄንሪ 8ኛ ከጄን ሲሞርና በ1649 ዓ.ም. አንገቱን ከተቆረጠው ከቻርልስ 1ኛ ጋር በአንድ ጕድጓድ በመዘምራኑ መካከል ተኝቷል። ቤተ ክርስቲያኑ በ1348 ዓ.ም. የተመሠረተው የጋርተር ኒሻን ፈረሰኞች ማኅበር ቤተ ክርስቲያን ነው፤ በ1954 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም ከዚህ ማኅበር ተቆጥረዋል። ለእኛ ግን ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው በዚያው ሥፍራ ያረፈው የአንድ ወጣት ነገር ነው።

«ልዑል ዓለማየሁ በዊንድሰር ቤተ መንግሥት እንደ ንግሥቲቱ ልጅ አደገ፤ ከነገሥታቱም መካከል ተቀበረ»

ይህን የሚሉ ሰዎች በክፋት አይሉትም፤ የልጁ ዕጣ ጥቂት መጽናናት እንዲኖረው ይወዳሉና። እውነታው ግን ከዚህ የመረረ ነው። ዓፄ ቴዎድሮስ በ1868 ዓ.ም. በትንሣኤ ማግስት በመቅደላ ሲያርፉ ልጃቸው ዓለማየሁ የሰባት ዓመት ያህል ሕፃን ነበረ። ወላጅ አልባ ሆኖ ስለ ተገኘ እንግሊዞች አዝነው ወሰዱት ይባላል፤ እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅ ውቤ ግን በሕይወት ነበሩ፤ ከእንግሊዝ ጦር ጋር ሲጓዙ ገና ከኢትዮጵያ ምድር ሳይወጡ በመንገድ ላይ ዐረፉ። ከዚያ በኋላ ሕፃኑን የያዘው አማርኛ የሚናገረውና የአገሩ ሰው ባሻ ፈለቀ ብሎ ይጠራው የነበረው ካፒቴን ትሪስትራም ስፒዲ ነው።

ንግሥት ቪክቶሪያ ልጁን በዋይት ደሴት ባለው ቤታቸው ተቀብለው ራርተውለታል፤ ነገሩም በልባቸው እንደ ኖረ በማስታወሻቸው ይታያል። ይሁን እንጂ ዓለማየሁ በዊንድሰር ግንብ አልኖረም። በመጀመሪያ ከስፒዲ ጋር በዋይት ደሴትና በሕንድ ቆየ፤ ከዚያም የመንግሥት ሹማምንት ከሚወደው ከዚህ ሰው ለይተው ወደ ቼልተንሃም፣ ወደ ራግቢ፣ በመጨረሻም ወደ ሳንድኸርስት የጦር ትምህርት ቤት ላኩት። በዚያም አልተመቸውም፤ ወደ ሊድስ ሄዶ በመምህሩ ቤት ሳለ በሳንባ ሕመም ተይዞ በኅዳር 14 ቀን 1879 ዓ.ም. በ18 ዓመቱ ዐረፈ። ወደ ዊንድሰር የመጣው ከሞተ በኋላ፣ በንግሥቲቱ ትእዛዝ ለቀብር ነው።

መቃብሩም ከነገሥታቱ መካከል አይደለም። ዐፅሙ ያረፈው ከቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ በምድር ውስጥ በተሠራው መካነ መቃብር ከሌሎች ሙታን ጋር ሲሆን፣ በቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ያለው ንግሥቲቱ ያኖሩት የናስ ሰሌዳ ነው። በሰሌዳው ላይ ስሙና የአባቱ ስም፣ የተወለደበትና የሞተበት ቀን፣ ከማቴዎስ ወንጌል 25ኛ ምዕራፍም እንግዳን ስለ መቀበል የተነገረው ቃል ተቀርጿል። ቃሉ ቅዱስ ነው፤ ያኖሩትም በቅን ልቡና አኑረውት ይሆናል፤ ነገር ግን ይህን ልጅ እንግዳ ያደረገው ከአገሩ ያወጣው ጦር መሆኑን ሰሌዳው አይናገርም።

ዐፅሙ እንዲመለስ የጠየቀ የለም መባሉ ልክ አይደለም፤ የኢትዮጵያ መንግሥት በ2007 ዓ.ም. ጠይቋል፤ ዘመዶቹም ጠይቀዋል። በ2023 ዓ.ም. ከቤተ መንግሥቱ የተሰጠው መልስ በአካባቢው ያረፉትን የብዙ ሌሎች ሙታን ዕረፍት ሳያውኩ ዐፅሙን ለማውጣት የማይቻል ይመስላል የሚል ነበር። ይህን መልስ የመጨረሻ አድርጎ የሚቀበል ኅሊና የለኝም። ለአናጢዎች ጥበብና ለአምስት ዓመት ትዕግሥት የበቃ ቤት፣ የአንድን ልጅ ዐፅም በክብር ለይቶ ለወገኖቹ ለማስረከብም ጥበብና ትዕግሥት አያጣም።

አንድ ሌላ ግምት ደግሞ አለ፤ ከመቅደላ የተወሰደው ኲርዓተ ርእሱ የተባለው የጌታችን ሥዕል በዊንድሰር በነገሥታቱ ግምጃ ቤት ይገኛል ይባላል። ሥዕሉን የያዘው ከጦሩ ጋር የዘመተው የብሪቲሽ ሙዚየም ሰው ሪቻርድ ሆምዝ ነው። ሆምዝ ከ1870 ዓ.ም. ጀምሮ በዊንድሰር የነገሥታቱ ቤተ መጻሕፍት ሹም ስለ ሆነ ግምቱ የተነሣው ከዚህ ሳይሆን አይቀርም፤ ሥዕሉን ግን ለሙዚየሙም ለንግሥቲቱም ሳይሰጥ በራሱ ዘንድ ደብቆ ያዘው። በ1917 ዓ.ም. በጨረታ ተሸጦ በኋላ ወደ ፖርቱጋል ሄደ። በዊንድሰር ቤተ መጻሕፍት ያሉት ከመቅደላ የተወሰዱ ስድስት በሥዕል ያጌጡ የብራና መጻሕፍት ናቸው፤ እነዚህንም ጎብኚ በአዳራሹ ሲያልፍ አያያቸውም።

ስለዚህ በሎንዶንና በአካባቢዋ የምትኖሩ ወገኖቼ፣ ከዘመድ የመጣን እንግዳ ወደ ዊንድሰር ስትወስዱ ቀኑን አስቀድማችሁ ምረጡ። ግንቡ ማክሰኞና ረቡዕ በአብዛኛው ዝግ ነው፤ ቤተ ክርስቲያኑም እሑድ ለጎብኚ አይከፈትም፤ ለጸሎት ለሚመጣ ሰው ግን እሑድም በሥራ ቀንም በጸሎት ሰዓት ያለ ክፍያ ክፍት ነው። ከገባችሁ በኋላ የዓለማየሁ ሰሌዳ የት እንዳለ ጠባቂዎቹን ጠይቁ፤ በየጊዜው የሚጠይቅ ሲበዛ ስሙ ከአስጎብኚዎቹ አፍ አይጠፋም። ልጆቻችሁንም ይዛችሁ ሂዱ፤ የማን ልጅ እንደ ነበረ፣ ማን እንደ ወሰደው፣ እናቱም በየት እንደ ቀሩ በቦታው ቆማችሁ በትክክል ንገሩአቸው።